በሃያ ሰባት ደቂቃ የሚነሳው ላፕቶፕ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ዓይኔ ያየውን አይቷል፤ አፍንጫዬም ያሸተተውን አሽትቷል። ከሁለቱ ሌላ ምስክር የለኝም።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦንጋ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፤ ሰው በየሱቁ በረንዳ ተጠልሎ ያወራል። እንዲህ ባለ ተራ ቀን ነው የሆነው።

የሺሃረግ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ትዳር ያዝኩ፤ አንዲት ልጅ ወለድኩ። ኑኃሚን ትባላለች። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት።

እኔ ክፉውን ቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ልጄ አሥር ደቂቃ ካረፈደች ባጃጅ ተገልብጦባት ነው እላለሁ። ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ለገሰ «አንቺ እኮ ሠርግ ቤት ሄደሽም የሚታይሽ ድንኳኑ ሲወድቅ ነው» እያለ ይስቅብኛል።

ይሄኛውን ግን... አላሰብኩትም።

ላፕቶፑ የጋሽ ጣሰው ነበር።

ጋሽ ጣሰው የለገሰ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደካ በምትባል ከተማ አስተማሪ ሆነው ኖሩ፤ ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ። ስኳር በሽታ እግራቸውን ሲበላው እኛ ቤት መጡ። ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል አምስት ወር ተኝተው ጥር ላይ አረፉ።

«ላፕቶፔ ለኑኃሚን ይሁን» ብለው ተናዘዙ።

ጥቁር ላፕቶፕ ነው። ጠርዙ ተላልጧል። ባትሪው ሞቷል፤ ቻርጀር ካልተሰካ አይሠራም። ልጄ ግን ደስ አላት። መመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በእሱ ነው። ስለ ጫካ ማር ነው የጻፈችው፤ ስንት ገበሬ ጠይቃ፣ ስንት ቀን በጭቃ ተመላልሳ።

ቅጂ አልነበራትም። ፍላሿን አንድ ማተሚያ ቤት ሰክታው በቫይረስ ተበላሸ። ሌላ እስክታገኝ ድረስ ድካሟ በሙሉ ያለው እዚያ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

ማስገቢያው ደግሞ ዓርብ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ ካለፈ ምረቃው ለከርሞ ነው።

ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲመጣ ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር።

መጋቢት ላይ አሥር ሆነ።

ሚያዝያ ላይ ሃያ።

ኑኃሚን ትጫነውና ሽንኩርት ልትልጥልኝ ወደ ኩሽና ትመጣለች። «ዶሮ ወጥ ደርሶ ይወጣል፤ እሱ ገና ዓይኑን እያሸ ነው» ትላለች። እንስቅ ነበር።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ነጫጭ ነጥቦች ይዞራሉ። ከሥር ያለው ፋን ይስባል... ይቆማል... ይስባል። አክታ ያነቀው ሰው እንደሚተነፍሰው።

«አቧራ ነው እማ» አለችኝ።

«አቧራ አክታ አለው?»

«ወይ እማ! ደግሞ ጀመረሽ!»

 ቀጥሎ ሽታው መጣ።

እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ... የተበላሸ ማር ነው። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው። ትንሽ ስትስቡት ከሥሩ ሥጋ አለ።

እኔ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጋሽ ጣሰው እግር ላይ ፋሻ ስፈታ አፍንጫዬ ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር።

እውነቱን ልናገር። እጸየፋቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው «አይዞዎት ጋሼ» እላለሁ፤ ከክፍላቸው ወጥቼ ጓሮ አስመልሳለሁ። እጄን በሳሙና አምስቴ ስድስቴ አጥቤ እንኳ እንጀራ ስቆርስ ጣቴ የሳቸውን እግር የነካው ይመስለኛል።

እና አሁን ያ ሽታ ከልጄ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

የኪቦርዱ ቁልፎች መጣበቅ ጀመሩ። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ጠረግኩት። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ ቁልፎቹ እንደገና ይጣበቃሉ። ጠረግኩ። ጥጡ ቢጫ... መሐሉ ላይ ግን ቀላ ያለ መስመር ነበረው።

«ሻይ አፍስሰሽበት ነው?» አልኳት።

«እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።»

በሦስተኛው ቀን ክዳኑ ላይ ሰባት ዝንብ ቆጠርኩ። ከነቀልነው ሁለት ቀን ሆኖታል። እጄን ሳስቀምጥበት ሞቀኝ። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ሆድ።

ለማንም ሳልናገር ጠበል አምጥቼ ሦስት ጠብታ ረጨሁበት።

ሰኞና ማክሰኞ ሊነሳ ሲል መብራት እየሄደ ከዜሮ ያስጀምረናል። ረቡዕ መብራት ዋለ፤ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያቃስት ቆይቶ ድርግም አለ። ኑኃሚን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሐሙስ እሷ አማካሪዋን ልትለምን ወደ ግቢ ሄደች። እኔ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ወንጌላዊት ጋ ወሰድኩት።

ወንጌላዊት ከባጃጅ ተራው ዝቅ ብሎ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት። የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት፤ ሁለት ልጆች አሏት። እጇ የተባረከ ነው፤ አፏ ግን አያርፍም።

«እትዬ የሺሃረግ! ሕፃን ነው እንዴ የጠቀለሉት?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። በጣም... በጣም ቀስ ብሎ።»

«ጠበል ረጩበት እንዴ?»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

ሳቀች። «ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስልክ ውስጥ እምነት በጥብጣ አምጥታልኛለች። እናንተ ኦርቶዶክሶች እኮ ሥራ አታሳጡኝም።»

«ሦስት ጠብታ ብቻ ነው።»

«በሉ ይቀመጡ። ጠብታውም ያማልደን።»

ሰካችው። ቁልፉን ተጫነች። ግድግዳዋ ላይ ክብ ሰዓት አለ። ልክ ስምንት ሰዓት ይል ነበር።

ነጥቦቹ መዞር ጀመሩ።

አምስት ደቂቃ... አሥር። ወንጌላዊት አንድ ስልክ ፈትታ ገጠመች። አሥራ አምስት። በመካከል አፍንጫዋን ያዘች።

«እትዬ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥጋ ነገር ይዘዋል?»

«እሱ ነው» አልኳት በአገጬ ወደ ላፕቶፑ እያመለከትኩ።

ቀረብ ብላ አሸተተች። በካፊኖኖ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ የሆነ ነገር አጉረመረመችና መስኮቱን በሰፊው ከፈተችው። ዝናብ ገባ። ሽታው ግን አልወጣም።

ሃያ... ሃያ አምስት። ፋኑ ይስባል... ይቆማል... ይስባል።

ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ስክሪኑ በራ።

ወንጌላዊት ሰዓቷን አየች። «ሃያ ሰባት ደቂቃ! ሰው እንኳ ከቀብር ቶሎ ይነሳል።»

ቀልድ ነበር። እኔ ግን ዞሬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ሃያ ሰባት ደቂቃ።

ይህን ለለገሰ ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ ስሜን እንጂ ፊቴን ለማታውቁት ልናገረው።

ጋሽ ጣሰው ባረፉበት ቀን ለገሰ ሥራ ነበር፤ ኑኃሚን ትምህርት ላይ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

«የሺ...»

ጠዋት ነው ያጠብኳቸው። እንደገና መሄድ አስጠላኝ። ሽታው ገና ከአፍንጫዬ አልወጣም።

«የሺ... የሺዬ...»

ዱካ ላይ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ስምንት ሩብ ሲል እሄዳለሁ አልኩ። ስምንት ሩብ ሲሆን ስምንት ከሃያ አልኩ። ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ይስባሉ... ያቆማሉ... ይስባሉ።

ስምንት ከሃያ ሰባት ሲል ዝም አሉ።

ስገባ ዓይናቸው ተከፍቶ ወደ በሩ ነበር የሚያየው።

«እትዬ? ደህና ነዎት?» አለችኝ ወንጌላዊት።

«ደህና ነኝ። ብቻ የልጄን ጽሑፍ አውጪልኝ። ነገ ነው ማስገቢያዋ።»

ፍላሽ ሰካች። ፋይሉን ልትቀዳ ሞከረች፤ ባለበት ቆመ፤ አልንቀሳቀስ አለ። እሱን እየጠበቀች ሌላ ገጽ ከፈተች።

«ይኸውልዎ። ሲነሳ አብሮት አንድ መዓት ፕሮግራም ይነሳል። ተሸክሟቸው ነው የሚያቃስተው። ላጥፋቸው።» አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ስም የለውም።»

ተጫነችው። ጠፋ። ወዲያው ተመለሰ። ደግማ ተጫነችው። ተመለሰ።

ሦስተኛ ስትጫን ስክሪኑ ጨለመ።

«እሺ፤ እልከኛ ነህ» አለች ወንጌላዊት። ቻርጀሩን ነቀለች። ገለበጠችው። ካቻቢቴ አንስታ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረች። «ዲስኩን አውጥቼ እኔ ማሽን ላይ እሰካዋለሁ። ፋይሉ ካለ ይወጣል። አይጨነቁ።»

እኔ አለመጨነቅ አልችልም። ግን ያኔ የምጨነቀው ለጽሑፉ ብቻ ነበር።

ክዳኑን ፈልቅቃ አነሳችው።

ሽታው ፊታችንን መታን። ወንጌላዊት በክንዷ አፏን ሸፈነች። እኔ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ።

ፋኑ አይታይም ነበር። በፀጉር ተሸፍኗል።

«አቧራ ነው» አልኩ። የኑኃሚንን ቃል መዋሴ ነው።

«አቧራ አይደለም።»

በወረንጦ ይዛ ሳበች። መጣ። ሽበት ነው። እርጥብ ነው። ሳበች... መጣ... ሳበች... አላለቀም። እንደ ጣት የወፈረ፣ ቢጫ ንፍጥ የለበሰ ፀጉር፣ ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ ክንድ ሙሉ ወጣ። ሲወጣ የመጥባት ድምፅ አለው። የሕፃን አፍ ጡት ሲለቅ እንደሚያሰማው።

ጫፉ ላይ ትንሽ ቆዳ ነበረው።

ወንጌላዊት ወረንጦውን ጥላ ወደ በረንዳው ሮጠች። ስታስመልስ ሰማኋት። ዝናብ የተጠለሉት ሰዎች «ምነው? ምነው?» ይላሉ።

ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። «አይጥ ነው። አይጥ ጎጆ ሠርታበት ነው» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው።

ከፀጉሩ ሥር ሌላ ነገር አለ። በካቻቢቴዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ቀጭ... ቀጭ... አለ።

ጥፍር ነው። የሰው ጥፍር። ወፍራም፣ ቢጫ። አንዱ የአውራ ጣት ነው፤ መሐል ለመሐል ጥቁር ስንጥቅ አለው።

አወቅኩት።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

እናንተ ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ቤት ፀጉርና ጥፍር እንዲሁ አይጣልም። ክፉ ሰው እጅ ይገባል፤ ባለቤቱንም ዕረፍት ይነሳዋል ይባላል። ይቀበራል።

ጋሽ ጣሰው ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ፀጉራቸውን ላጨሁላቸው፤ ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው። «እንሰቱ ሥር ቅበሪልኝ የሺ» አሉኝ። እንሰቱ ጓሮ ነው፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም።

ዝናብ ነበር። ፌስታሉን መንካትም አስጠላኝ። ቋጠርኩና እዚያው አልጋቸው አጠገብ በተንጠለጠለው የላፕቶፕ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ወሸቅኩት። ነገ እቀብረዋለሁ ብዬ።

ማታ ላይ «ቀበርሽው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። 

ከሠልስቱ በኋላ ትዝ ብሎኝ ኪሱን ከፈትኩ። ፌስታሉ አለ። ሰማያዊ ነው። ቋጠሮው እንዳለ ነው። የኔ ቋጠሮ ይታወቃል፤ ሦስቴ ጠምዝዤ ጆሮውን ወደ ውስጥ ነው የማስገባው፤ ኑኃሚን ሁልጊዜ መፍታት ያቅታታል።

ውስጡ ግን ባዶ ነበር።

ያኔ እኔም አይጥ ነው ብዬ ነበር። አይጥ ቋጠሮ እንደማይቋጥር እያወቅኩ።

ይህን ለወንጌላዊት አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ዲስኩን አወጣች። በጨርቅ ጠርጋ ጠርጋ የራሷ ማሽን ላይ ሰካችው። 

የልጄ ጽሑፍ ወጣ። ሰባ ሁለት ገጽ። ከነሥዕሉ፣ ከነሠንጠረዡ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወንጌላዊትን ግንባሯን ሳምኳት።

ፋኑን ቀየረችው። በአሮጌው ዲስክ ቦታ ኤስኤስዲ የሚሉትን አዲሱን ዓይነት ገጠመች። ሁሉንም ነገር በአልኮል አጠበች። ሲመሻሽ ቁልፉን ተጫነች።

አሥራ ሁለት ሰኮንድ።

«አሁን ጎረምሳ ሆኗል» አለች። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሽታ የለም። ድምፅ የለም።

ከዚያ ቆሻሻውን በሰማያዊ ፌስታል አድርጋ በሁለት ጣቷ ዘረጋችልኝ። «ይህን እዚህ አልጥልም፤ ይውሰዱልኝ በሞቴ።»

ቋጠርኩት። ሦስቴ ጠምዝዤ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ።

እቀብረዋለሁ አልኩ። በእናቴ አጥንት፣ ዛሬ እንደገባሁ እቀብረዋለሁ።

ባጃጅ ተሳፈርኩ። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው፤ ፌስታሉ እግሬ ሥር። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ፌስታሉ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኛል። ለብ ይላል። እግሬን አሸሸሁ። ተንሸራቶ ተከተለኝ።

«እትዬ፣ ምንድነው የሚገማው?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ የጎን ሸራውን ገለጥ አድርጌ ወረወርኩት።

እንደዚያ ነው ያደረግኩት። አላስተባብልም። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ነበር። ሲወድቅ እንኳ አላየሁም።

ቤት ስገባ እጄን ስምንት ጊዜ ታጠብኩ።

ዓርብ ኑኃሚን ጽሑፏን አስገባች። አሥር ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ ከሳቋ ብዛት የምትለው አይሰማም። «እማ አለቀ! አለቀ! ስመረቅ የምትለብሺውን አስቢ!» ማታ ለገሰ መረቃት። ቅዳሜ በጠዋት እሱ ለሥራ ሺሺንዳ ሄደ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ልቀሰቅሳት ገባሁ።

«ኑኃሚን፣ ነግቷል። ተነሺ።»

ዓይኗ ተከፈተ።

ዓይኗ ብቻ።

«ኑኃሚን?»

አትሰማኝም። ወደ በሩ ታያለች። ዓይኗን አታርገበግብም። ደረቷ ይስባል... ይቆማል... ይስባል።

ጮህኩ። ነቀነቅኳት። ውኃ ረጨሁባት። ጎረቤቴ በዛወርቅ እየሮጠች መጣች። ሁለታችን ይዘናት ልንወጣ ስንል ድንገት ቀና አለች።

«ምን ሆናችኋል? ማነው ያረጠበኝ?»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አንድ ከሃያ ሰባት።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደሟ ደህና፣ ሽንቷ ደህና። «የፈተና ድካም ነው፤ ትረፍ» አሉኝ። በዛወርቅም «አንቺ ደግሞ ታበዣለሽ፤ ልጅቷ ትተኛ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት እንደዚያው ሆነ። ሃያ ሰባት ደቂቃ። ትራሷ ላይ ሁለት ዝንብ ነበር። ሊያበቃ ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ትንፋሿ የተበላሸ ማር ይሸታል።

«የሺ... ቀበርሽው?»

ድምፁ የልጄ ነው። አጠራሩ ግን... ልጄ በሕይወቷ የሺ ብላኝ አታውቅም።

በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት። ድልድዩ ሥር ወረድኩ። በጭቃው፣ በቄጠማው፣ በውኃው ጠርዝ እስከ ቀትር ፈለግኩ። ስንት ዓይነት ፌስታል አለ መሰላችሁ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ። ሰማያዊ የለም።

ሰኞ ጠዋት እንደገና ጠየቀችኝ።

«የሺ... ቀበርሽው?»

ምን ልበል? ወንዝ ውስጥ ጣልኩት ልበል? ልጄ ዓይኗን እንድትመልስልኝ ብዬ...

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች። መዳፌን ፈልጋ ያዘች። የሆነ ነገር አስጨበጠችኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

ሰማያዊ ፌስታል። ወንዝ ወንዝ ይሸታል። ሦስቴ ተጠምዝዞ፣ ጆሮው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ለገሰ ገና አልተመለሰም።

ኑኃሚን ከምሳ በኋላ ደከመኝ ብላ ተኛች። በራሷ አልጋ አይደለም። እንዴት እንደሄደች አላየሁም፤ ከጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የተኛችው። ከጥር ጀምሮ ያቺን ክፍል ዘግቻታለሁ።

እኔ ኩሽና ነኝ። ዱካው ላይ። በስልኬ ነው የምጽፍላችሁ።

ዶማው በሩ ላይ ተደግፏል። ውጭ ይዘንባል። እንሰቱ ከዚህ ይታየኛል፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሁለቴ ተነሳሁ። ሁለቴም ፌስታሉን ልይዝ እጄን ዘርግቼ፣ አስጠልቶኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከሐሙሱ ከብዷል። ቋጠሮውን አልፎ የወጣ አንድ ሽበት ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። መጻፍ ስጀምር የጣቴን ያህል ነበር። አሁን የጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ተንጠልጥሏል።

ፌስታሉ ይነፋል... ይቆማል... ይነፋል።

ከጓሮ በኩል ትጣራለች።

«የሺ... የሺዬ...»

ድምፁ እየቀነሰ ነው።

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ከሃያ አምስት ይላል።